ጣና፦ ባሕር ነው ወይስ ሐይቅ?

ከተማይቱ ባሕር ዳር ትባላለች፤ የተቆረቆረችው ግን፣ በትምህርት ቤት የተማርነው እውነት ከሆነ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ይህን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ስም ሲለመድ ትርጉሙ ይደበዝዛልና አዲስ አበባን ስንጠራ አበባ፣ ደብረ ብርሃንን ስንጠራ ብርሃን ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን? ነገሩ የሚነሣው አንድ የውጭ አገር ሰው መጥቶ «ለመሆኑ የከተማችሁ ስም ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። አስጎብኚው ቃል በቃል ይተረጉምለታል። እንግዳውም ግራ ቀኙን ያያል። ቀይ ባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ከተራራው ወዲያ ነው፤ እሱ የቆመበት ቦታ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ባሕር ዳር ቆሞ ከባሕር ይህን ያህል ከፍ ማለቱ ቢያስቀው አይፈረድበትም።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ አንድ አራሚ ነው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በግሌ እየጻፍኩ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ መስጠት በጀመርኩበት ሰሞን ስለ ዘጌ የቡና ጫካ አንድ መጣጥፍ አዘጋጅቼ ነበር። በመጣጥፉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ «ዛሬ ባሕሩ ተቆጥቷል፤ አንሻገርም» ይላሉ። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ግን ሽማግሌው «ዛሬ ሐይቁ ተቆጥቷል» ብለው አረፉት። ሄጄ አራሚውን ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ባሕር ጨዋማ ነው፤ ጣና ሐይቅ ነው። ታዲያ ስሕተት ይታተም?» አለኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የተማረውን ነው የተናገረው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ውሃው ላይ ተወልደው ውሃው ላይ ያረጁ ሰው ለውሃቸው የሚሰጡት ስም እንዴት ሆኖ ነው ስሕተት የሚሆነው?

አራሚው የያዘው ሚዛን የሁላችንም ነው። ውቅያኖስ ትልቁ፣ ባሕር መካከለኛው፣ ሐይቅ በየብስ የተከበበው ትንሹ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ጨዋማ፣ የኋለኛው ጣፋጭ ውሃ ነው። ሚዛኑ ያማረ ነው፤ ችግሩ ገና ከቤታችን ሳንወጣ መሰበሩ ነው። አፋር ውስጥ ያለው አፍዴራ ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው የሚወጣበት ውሃ ነው፤ እሱን ግን ሐይቅ እንጂ ባሕር ብሎ የሚጠራው የለም። ጨው ባሕርን ባሕር የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ አፍዴራ ከጣና በፊት በተሾመ ነበር።

ይህ አጥር ከዘመናዊው የጂኦግራፊ ትምህርት ጋር፣ በተለይም እንግሊዝኛውን «ሲ» በባሕር፣ «ሌክ» የሚለውን ደግሞ በሐይቅ ለመተካት ስንል የጠበቀ ይመስለኛል። ለትርጉም ያመቻል። ነገር ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው «ሲ» የሚለውን ቃል መች በዚህ አጥር ውስጥ አስቀመጡት? በጥንታዊው እንግሊዝኛ ይኸው ቃል ለሐይቅም ይውል ነበር። ዛሬም ቢሆን ካስፒያንን «ሲ» ይሉታል፤ ሙት ባሕርንም እንደዚሁ፤ ሁለቱም ግን ዙሪያቸውን በየብስ የታጠሩ ናቸው። ወደ ጎረቤቶቻቸው ስንሻገር ነገሩ ጨርሶ ይገለበጣል። ጀርመን «ሜር» ሲል ባሕር ማለቱ ነው፤ ሆላንዳዊው ያንኑ ቃል ለሐይቅ ያውለዋል። ሆላንዳዊው ባሕርን «ዜ» ይለዋል፤ ጀርመኑ ግን «ዜ»ን በወንድ ጾታ ሲጠራው ሐይቅ፣ በሴት ጾታ ሲጠራት ባሕር ትሆንለታለች። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1932 «ዞይደርዜ» የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ 32 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ግድብ ዘጉት። ከዚያ ወዲያ ውሃው ቀስ በቀስ ከጨው ሲጠራ ስሙም አብሮ ተለወጠና «አይሰልሜር» ተባለ። «ዜ» የነበረው «ሜር» ሆነ ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ባሕር የነበረው ሐይቅ ሆነ።

አንባቢ «ታዲያ ይህ የቃል ጨዋታ ምን ይጠቅመናል?» ይል ይሆናል። ካስፒያንን የከበቡት አምስት አገሮች እንደዚያ አላሉም። እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ ባለ ድርሻዎቹ ሶቪየት ኅብረትና ኢራን ብቻ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ሩሲያ፣ ካዛኽስታን፣ አዘርባጃንና ቱርክሜኒስታን ከኢራን ጋር አምስት ሆነው በዳርቻው ተቀመጡ፤ ከውሃው ሥር ደግሞ ነዳጅና ጋዝ አለ። ካስፒያን ባሕር ነው ከተባለ እያንዳንዱ አገር እንደ ጠረፉ ርዝመት ይካፈላል፤ ሐይቅ ነው ከተባለ ደግሞ በእኩል እንከፋፈለው የሚል ክርክር ይመጣል። ጠረፏ አጭር የሆነው ኢራን የትኛውን እንደምትመርጥ መገመት አያዳግትም። በዚህች አንዲት ቃል ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሲነታረኩ ቆይተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 አክታው በምትባል የካዛኽስታን ከተማ ተፈራረሙ። ስምምነቱ ካስፒያንን ባሕርም ሐይቅም ሳያደርግ ለብቻው የሆነ ደንብ አወጣለት። አምስት መንግሥታት ከነሕግ ዐዋቂዎቻቸው ያልቆረጡትን ነገር ነው እንግዲህ የእኛ አራሚ በአንድ የቀይ እስክርቢቶ ጭረት የጨረሰው።

ወደ ራሳችን ቃላት እንመለስ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ባሕርንና ሐይቅን በግዕዝ ስፈልግ ያላሰብኩት ነገር ወጣ። በግዕዝ «ሐይቅ» ውሃው ሳይሆን የውሃው ዳር ነው! ዲልማን የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱ ቃሉን የፈታው በዳርቻና በጠረፍ ነው። ባሕር ግን በግዕዝ ያው ባሕር ነው፤ የጨውም ይሁን የጣፋጭ ውሃ፣ የተከበበም ይሁን ያልተከበበ፣ ሰፊ ከሆነ ባሕር ይባላል። ስለዚህ የጥንቱ ጸሐፊ «ሐይቀ ባሕር» ብሎ ሲጽፍ በዛሬው አማርኛችን ምን ማለቱ ነው? «ባሕር ዳር» ማለቱ ነው። ከተማይቱን በግዕዝ እንጥራት ብንል ከሁለቱ ቃላት አንዱንም አንጥልም። ሐይቅ ዳርቻዋ፣ ባሕር ውሃዋ ሆነው ሁለቱም በየቦታቸው ይገባሉ።

የዳርቻው ስም እንዴት የውሃው ስም ሆነ? እንዲህ ያለው ሽግግር በቋንቋ ሁሉ የሚገኝ ነው። ዳሩን ረግጦ የሚመለስ ሰው ውሃውንም በዳሩ ይጠራዋል። በወሎ ያለው ሐይቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ስሙን ያስጠሩት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ዛሬ ውሃውም ከተማውም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ሐይቅ ለውሃ መዋሉ እንግዲህ የትናንት ነገር አይደለም፤ ይህን ለአራሚው ልመሰክርለት ይገባል። አዲሱ ነገር ሐይቅ የተባለው ሁሉ ባሕር መባሉ ይቅር የሚለው አዋጅ ነው።

አዋጁን ተቀብለን ወንጌልን ብናርም የሚሆነውን አስቡት። የገሊላ ባሕር ስፋቱ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃውም ይጠጣል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ገሊላን ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ወንጌልን በግሪክ ከጻፉት አራቱ፣ ሐኪሙ ሉቃስ ብቻ ነው ያንን ውሃ ሐይቅ ያለው፤ ሦስቱ ባሕር ብለውታል። የእኛዎቹ ተርጓሚዎች ደግሞ በባሕር ጸኑ። ሰንበት በመጣ ቁጥር ስለ ገሊላ ባሕር ሲነበብ ለሚሰማው የጣና ዳር ሰው፣ ዓሣ አጥማጅ፣ መረብ፣ ታንኳ፣ ድንገት የሚነሣ ማዕበል፣ ሁሉም ከደጁ ያለ ነገር ነው። ከጣና ደሴቶች አንዱ፣ ገዳም ያለበት፣ ስሙ ራሱ ገሊላ ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው ገሊላ ባሕር ሆኖ ጣና እንዴት ባሕር አይሆንም?

ከጣና የሚወጣው ወንዝ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ዓባይ ከባሕር ዳር ሲነሣ ወንዝ ነው፤ በጭስ ዓባይ ሲወድቅም ወንዝ ነው። ሱዳን ሲገባ ግን ባሕር ይሆናል፤ ዐረቦቹ «ባሕር አል አዝረቅ» ይሉታል፤ በቀለሙ ሰማያዊ ባሕር እንደ ማለት ነው። ካርቱም ላይ የሚገናኘው ጓደኛውም «ባሕር አል አብየድ»፣ ነጩ ባሕር ነው። ግብፅ ውስጥም ተራው ሰው ዓባይን በደፈናው «ባሕር» ይለዋል። የዐረብኛውና የግዕዙ ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዐረቡ በበረሃው ውስጥ የማያቋርጥ ታላቅ ውሃ ሲያይ ባሕር አለ፤ የእኛ ሰውም በተራሮቹ መካከል ማዶው በጭጋግ የሚጠፋ ውሃ ሲያይ ባሕር አለ። ከነዚህ አንዱም ጨው ቀምሶ አልፈረደም።

የጣና ዳር ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚይዘው ለመስማት ወደብ ላይ ትንሽ መቆም ይበቃል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ከመጣ ወጣት ጋር ሆኜ የደንገል ታንኳ ከሚሠሩ አዛውንት ጋር እንጨዋወታለን። «አባባ፣ ልጆች አለዎት?» አልኳቸው። «አሉኝ። ትልቁ ባሕር ማዶ ነው» አሉ። ወጣቱ ዐይኑ በርቶ «አሜሪካ ነው አባባ? ወይስ ዐረብ አገር?» አላቸው። አዛውንቱ አተኩረው አዩትና «ደልጊ ነው እንጂ ልጄ! እዚያው ነው ያገባ» ብለው በእጃቸው ወደ ሰሜን ጠቆሙት። ደልጊ በጣና ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለች ትንሽ ወደብ ናት። ለእኛ ባሕር ማዶ ፓስፖርትና ቪዛ የሚጠይቅ አገር ነው፤ ለእሳቸው ቡና ጭነው የሚሻገሩበት፣ እህል ሸምተው የሚመለሱበት፣ ምራት ያገኙበት አገር ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ሁለት ባሕር እንዳለው ይታየኛል። አንዱ የደጅ ባሕር ነው። ሌላው የደገኛው፣ አይቶት የማያውቀው ባሕር ነው። ደገኛው ባሕርን የሚያውቀው ከዚያ በኩል በሚመጣ ዕቃ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ ከውጭ አገር መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣትን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» አለው። ዛፉ ባሕር አይወድም፤ ባሕር ተሻግሮ በመምጣቱ ብቻ ነው የተጠራበት። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ያለው አገር አለ፤ ይህም እህሉ ከውጭ መምጣቱን ያስታውሳል። ለመጽሐፍ ሽፋንና ለማኅደር የሚውለው ቀይ ቆዳ «ባሕር ዐረብ» ይባላል። እንግዲህ ባሕር ማለት «ከሩቅ የመጣ» ማለት ሆነ። ሳስበው ደስ የሚለኝ ነገር አለ፦ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የበቀለ ባሕር ዛፍ በስሙ የአገሬው ልጅ ይመስላል፣ በትውልዱ ግን አውስትራሊያዊ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ የሚበቅለው ደንገል ግን ባሕር የሚል ስም አልተጨመረለትም።

ሹመቱም እንደ ዕቃው ነበር። «ባሕር ነጋሽ» በዘመነ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ጎልቶ የወጣ የሰሜን ገዢዎች ማዕረግ ነው። ነገር ግን በ1512 ዓ.ም. ከምፅዋ ወደ መሀል አገር የዘለቀው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንዳየው ባሕር ነጋሹ የሚኖረው በወደብ አልነበረም። መቀመጫው ደባርዋ፣ ከአሥመራ በስተ ደቡብ ያለች የደጋ ከተማ ነበረች። የባሕር ገዢ የተባለው ሰው ጧት ሲነሣ የሚያየው የጤፍ ማሳና ተራራ ነበር። ማዕረጉ የሚናገረው ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ አቅጣጫ ነው፤ መንግሥት ወደ ውጭ የሚያይበት በር የተሰጠው ሰው ማለት ነው።

ቃሉ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ሰምጧል። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነው ትምህርት «ባሕረ ሐሳብ» ይባላል፤ ገብቶ ዋኝቶ መውጣት ላልቻለ ተማሪ ስሙ ልክ ነው። ጽሕፈት ቤቶች ጉዳይ ሁሉ የሚሰፍርበትን ትልቅ መዝገብ «ባሕር መዝገብ» ይሉታል፤ ገብቶ የቀረ ፋይል ያለው ባለ ጉዳይ የዚህንም ትርጉም ያውቀዋል። ከሁሉ የከበደው ግን «ባሕርይ» ነው። ባሕርይ በግዕዝ ከባሕር የሚወጣው ዕንቁ ነው። ከዚያ አልፎ የአንድ ነገር ውስጠኛ ማንነት፣ ከሥሩ ያለው ምንነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ የጻፉት መነኩሴ አባ ባሕርይ ይባላሉ፤ «አባ ዕንቁ» እንደ ማለት።

ይህች ቃል በጣና ዳር ደም አፍስሳለች። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ዐፄ ሱስንዮስን ቀርቦ ጎርጎራ ላይ ተቀመጠ። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ያየም እሱ ነው፤ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ «አገኘሁ» ብሎ ከመፎከሩ 152 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ሞተ። ጥያቄው የሚከተለው ነበር፦ ክርስቶስ በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት ባሕርይ? ለዚህ መልስ ሲባል ወንድም ወንድሙን ገደለ፤ ጎጃም፣ በጌምድርና ላስታ በዐመፅ ተናወጡ፤ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የገዛ ወገናቸውን ሬሳ ካዩ በኋላ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ በኋላም ክርክሩ አልበረደም፤ ቅባትና ጸጋ እየተባለ በራሳችን ሊቃውንት መካከል ሁለት መቶ ዓመት ከቆየ በኋላ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተቆረጠ። ጎርጎራ ላይ የቀረው የድንጋይ ፍርስራሽ፣ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ከፓኤዝ ጋር የሚያያዘው አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ፣ የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በአጠገባቸው የሚያልፍ ወጣት «ባሕርይ» ሲል ዛሬ የሚያስበው ስለ ጓደኛው አመል ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ቃሉ እንደገና ከበደ፤ ግን ጠበበ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ምፅዋ የሆነ የባሕር ኃይል ነበራት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን አገሪቱ ያለ ጠረፍ ቀረች፤ መርከቦቹም በየወደቡ ተንከራተው ኃይሉ በ1988 ዓ.ም. ፈረሰ። በ2010 ዓ.ም. እንደገና ይቋቋማል ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ዋና መምሪያው ባሕር ዳር ይሆናል የሚል ዜና ጋዜጦች ላይ ወጣ። የዚያን ሰሞን በየካፌው የተሣቀውን ሣቅ አስታውሳለሁ፤ «ባሕር ኃይል ሐይቅ ላይ!» እየተባለ። የሣቁት ሰዎች ስለ ወታደራዊው ጉዳይ የሚሉት ይኖራቸው ይሆናል፤ የከተማዋን ስም ግን ማን አስታወሰ? በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር የተነሣው ንግግር፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ «የባሕር በር» የሚለውን ሐረግ በየቤቱ አስገባው። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔን የሚመለከተኝ፣ ከዚያ ወዲህ «ባሕር የለንም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሬዲዮ በየቀኑ መነገሩ ነው። ሬዲዮው ታንኳው ውስጥም ይከፈታል። ቀዛፊው ይሰማዋል፤ ቀና ሲል የሚያየው ከአድማስ እስከ አድማስ ውሃ ነው። ወደብና ባሕር አንድ ነገር አይደሉም፤ አንድ ያደረግናቸው ወደቡን ካጣን በኋላ ነው።

ለነገሩ የጣና ደንገል ጨዋማውንም ሞክሮታል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያሳጨደው ከጣና ነው። ጀልባዋ «ራ» ተባለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1969 ከሞሮኮ ተነሥታ ውቅያኖሱን አብዛኛውን ካቋረጠች በኋላ ተጎዳችና ተዋት፤ በሚቀጥለው ዓመት «ራ ሁለት» ባርቤዶስ ገባች። ዘጌ ላይ ታንኳ የሚያስሩት አዛውንት ይህን ስነግራቸው አልደነቃቸውም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አውጥተው ያደርቋት ነበር?» ደንገል ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል። «ራ»ን የጎዳትም ውሃ መጥጣ መክበዷና ማሰሪያዋ መላላቱ ነበር።

ስሙን መንጠቅ ለውሃው የሚያመጣበት ነገር አለ ወይ? በቀጥታ አለ ብዬ አልምልም። ነገር ግን ሐይቅ ስንል የምናስበው የተለካ፣ በካርታ ላይ የተከበበ፣ የሚታጠርና የሚከፈት ነገር ነው፤ የመሐንዲስ ቃል ሆኗል። ጨረጨራ የተባለው የዓባይ መውጫ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ምን ያህል እንደሚቆይና እንደሚለቀቅ የሚወስነው በር ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናብም አንሶ፣ ለኃይል ማመንጫም ተለቆ፣ ውሃው እጅግ ወረደና ጀልባዎች ለወራት ቆሙ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ሲከፈት ጣና ሁለተኛ መውጫ አገኘ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተነጠፈ። አረሙ የሚወደው ዳሩን፣ ጥልቀት የሌለውን ነው፤ ጣና ደግሞ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። በግዕዙ አነጋገር እምቦጭ የያዘው ሐይቁን ነው።

ዳሩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት የፎገራና የደምብያ ገበሬዎች ናቸው። ክረምቱ ሲበረታ ውሃው ወደ ማሳቸው ይገባል፤ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይመለሳል። ትቶት የሚሄደው ጥቁር ጭቃ ዝናብ ሳይጠብቅ ያበቅላል። ገበሬው ውሃውን እየተከተለ ይዘራል፤ እስከ የት ድረስ የማን እንደሆነ፣ ዘንድሮ ከአምናው አልፎ ቢሸሽ ትርፉ የማን እንደሚሆን ይከራከራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ቀበሌም ይገባበታል። መሬቱ ስም አለው። «ባሕር ሸሽ» ይባላል። «ሐይቅ ሸሽ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም።